ሰሙን ማን ሠራው? ተረት፣ ሃይማኖትና አልኬሚ ከጨፋ ሸለቆ ሲታዩ

ተረት የሚነገርበት ስፍራ አለው። ይህ ግልጽ እውነት ሥነ ቃልን በሚመረምሩ ጽሑፎች ዘንድ ደጋግሞ ይዘነጋል። ተረቱ ከተራቹ አፍ ወደ ሰሚው ጆሮ በሚሻገርበት ጊዜ በመካከሉ የምድጃው ጢስ፣ በበረት የሚያመሰኳው ከብት፣ ከደጅ የሚሰማው የጅብ ጩኸትና የነገው የሥራ ሐሳብ አሉ። መርማሪው ግን ተረቱን ከዚህ ሁሉ ፈልቅቆ ያወጣና በነጭ ወረቀት ላይ ካሰፈረው በኋላ፣ «የዚህ ነገር ትርጉሙ ምን ይሆን?» ሲል ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከወረቀቱ ውጭ የቀረውን ካላካተተ ጎደሎ መሆኑ አይቀርም።

ለዚህ ጉዳይ የጨፋን ሸለቆ የመሰለ መፈተኛ በቀላሉ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው የከሚሴ ከተማ የዚህ ሸለቆ እንብርት ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ በሸለቆው ወለል ላይ ተንጣሎ ረግረጉን ያጠጣና ወደ አዋሽ ያዘግማል። በምዕራብ የደጋው ግንብ፣ በምሥራቅ የአፋር ቆላ አለ። በበጋ፣ ቆላው ሲደርቅ፣ የኦሮሞው፣ የአፋሩ፣ የአርጎባውና የአማራው ከብት ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደዚሁ ረግረግ ይመጣል። እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ በሚቆመው ገበያ የደጋው እህልና የቆላው ግመል ይገናኛሉ። ከአራቱ ዐበይት የዜማ ቅኝቶች አንዱ በባቲ ስም መጠራቱም ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚነገር ተረት ምንጩ ከወዴት ነው? ከሰው ልጅ ሁሉ ነፍስ ጥልቀት የፈለቀ ነው ወይስ ከገበያ የተሸመተ? የጥልቀት ሥነ ልቡና የመጀመሪያውን ይመርጣል። የታሪክና የኅብረተሰብ ጥናት ሁለተኛውን ያስቀድማል። ሁለቱም ግን አንድ ያልጠየቁት ጥያቄ አለ።

ስውሩ ኅሊናና ጥንተ ምስሉ

የጥልቀት ሥነ ልቡና መነሻ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሰው አውቆ ከሚያስበውና ከሚሠራው ሥር እርሱ ራሱ የማያውቀው የነፍስ ክፍል አለ። ሲግመንድ ፍሮይድ (እ.ኤ.አ. 1856–1939) ይህን ስውር ኅሊና በዋናው የታፈነ ምኞትና የልጅነት ቁስል ማደሪያ አድርጎ ተመለከተው። ስዊሳዊው ካርል ጉስታቭ ዩንግ (እ.ኤ.አ. 1875–1961) ግን ከፍሮይድ ጋር መንገዱ ከተለያየ በኋላ፣ ከግለሰቡ ስውር ኅሊና ሥር ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው ሌላ ንጣፍ አለ ሲል ተከራከረ። በዚህ ንጣፍ ውስጥ የሚኖሩትን መሠረታውያን ቅርፆች እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ «አርኬታይፕ» ብሎ ጠራቸው፤ በአማርኛ «ጥንተ ምስል» ቢባሉ ያስኬዳል። ዐዋቂው ሽማግሌ፣ ታላቋ እናት፣ ጀግናው ሕፃንና የገዛ ራሳችን ገጽታ ሆኖ ሳለ የምንክደው «ጥላ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። ተከታዩ ማሪ ሉዊዝ ፎን ፍራንዝ (እ.ኤ.አ. 1915–1998) ይህን ሐሳብ ወደ ተረት መስክ አስገብታ፣ ተረት ከሥነ ቃል ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ የጥንተ ምስሎችን ገላጣ መልክ የሚያሳይ ነው በማለት አስተማረች።

ዩንግን ለመንቀፍ የሚቸኩሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላለውን ይጭኑበታል። ጥንተ ምስል የተዘጋጀ ሥዕል ነው አላለም፤ ሥዕል የሚወጣበት ቅርፅ የመያዝ ዝንባሌ ነው እንጂ። ይህንንም ለማስረዳት በፈሳሽ ውስጥ ሳይታይ ኖሮ በኋላ የክሪስታሉን መልክ በሚወስነው ስውር መዋቅር መስሎታል። ምሳሌው ለባቲ ገበያተኛ እንግዳ አይሆንበትም። ጨው በገዛ ተፈጥሮው ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይረጋል። ይሁን እንጂ ከአፋር ምድር ወደ ደጋ የወጣውን አሞሌ የቀረፀው ተፈጥሮ አልነበረም። የሰው እጅ በመጥረቢያ ጠረበው፤ ግመል ተሸከመው፤ ገበያ ዋጋ ቆረጠለት። ተረትም እንዲሁ ነው። የጨውን ረቂቅ መዋቅር ማወቅ ታላቅ ዕውቀት ነው፤ አሞሌውን ግን ብቻውን አያስረዳም።

የአንበሳው ጢም

ሐሳቡን በአንድ ተረት መፈተን ይገባል። ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር በኢትዮጵያ ከሰሙት በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስሙን ለመጽሐፉ የሰጠ አንድ ተረት አለ። አንዲት የደጋ ሴት የቆላ ሰው ታገባለች። ሰውየው እናቱ የሞተችበት ልጅ አለው። ልጁ የእንጀራ እናቱን እንደ እናት ሊቀበላት እንቢ ይላል። ሴቲቱ ወደ አንድ ዐዋቂ ሄዳ የፍቅር መድኃኒት ትለምናለች። ዐዋቂውም መድኃኒቱ የሚቀመመው ከአንበሳ ጢም ነው ይላታል። እርስዋ በየዕለቱ ሥጋ ይዛ ወደ አንበሳው እየሄደች፣ ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት እየቀረበች፣ በመጨረሻ ከጢሙ ትቆርጣለች። ይዛ ስትመጣ ግን ዐዋቂው፣ ወደ አንበሳው እንደ ቀረብሽ ወደ ልጁም ቅረቢ ብሎ ያሰናብታታል። በልጁ ፈንታ ባል የሚገባበት ሌላ ቅጂም በሰፊው ይነገራል።

የጥልቀት ሥነ ልቡና ይህን ተረት በሚያነብበት ጊዜ የሚገልጠው ነገር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አንበሳው ያልተገራው የነፍስ ኃይል ነው። ሥጋው ለዚያ ኃይል የሚሰጠው ትዕግሥተኛ ትኩረት ነው። ሽማግሌው መንገዱን የሚያሳይ ነገር ግን መንገዱን ለሌላ የማይሄድለት የውስጥ ጥበብ ነው። ከሁሉ በላይ ጢሙ ለመድኃኒት አለመዋሉ ልብ ሊባል ይገባል። የተለወጠው ጢሙ አይደለም፤ የተለወጠችው ፈላጊዋ ናት። ይህ ንባብ ተረቱ በልጅም በአዋቂም ልብ ውስጥ ለምን እንደሚቀር ያስረዳል። አንበሳው ዓይኑን በገለጠ ቁጥር እግሩን ወደ ራሱ የሚሰበስበው ሕፃን ስለ ጋብቻ ሥርዓት እያሰበ አይደለም፤ የራሱን ፍርሃት እያየ ነው። ተረትን የመደብ ግንኙነት ነጸብራቅ ብቻ አድርጎ ያየው የሒስ ስልት ይህን ሕፃን ሳያየው አልፏል። የእንጀራ እናትን ችግር በትክክል ይተነትናል፤ ነገር ግን ችግሩን ለመፍታት አንበሳ ለምን እንዳስፈለገ መልስ የለውም።

ይሁንና ፎን ፍራንዝ ያስተማረችው ስልት የተረቱን ሰዎች ሁሉ የአንዲት ነፍስ ክፍሎች አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት ልጁ ይጠፋል፤ የሴቲቱ ነፍስ አንድ ጓዳ ሆኖ ይቀራል። ተረቱ ግን ልጁን ሰው አድርጎ ነው ያቀረበው። እናቱ ሞታበታለች። የእንጀራ እናቱን እንቢ ማለቱ ክፋት አይደለም፤ ለሞተችው የሚጠበቅ ታማኝነት ነው። ሴቲቱም «ነፍስ» ብቻ አይደለችም። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደች ሙሽራ ናት፤ ሙቀቱ፣ ምግቡ፣ ምናልባትም ቋንቋው እንግዳ ሆኖባታል። አንበሳው የቆላው አንበሳ ነው። ወደ እርሱ መቅረብ አገሩን መልመድ ነው። በየዕለቱ የሚወሰደው ሥጋስ ከማን በረት የወጣ ነው? ሥጋ በየቀኑ በማይበላበት ቤት ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እንግዲህ ደጋና ቆላ በሚጋቡበት በጨፋ ሸለቆ ጠርዝ ቆሞ ይህን ተረት የሚሰማ ሰው፣ ከነፍስ ጉዞ በፊት የሚያየው የጎረቤትን ደጃፍ ነው። ተረቱ የሚነግረው፣ ሌላውን ሕዝብ በአንድ ቀን ወዳጅ ማድረግ እንደማይቻል፣ ግን በየቀኑ አንዲት እርምጃ መቅረብ እንደሚቻል ነው።

ሐሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድብል ስያሜውን ያገኘው ከሌላ ተረት ነው፤ ይህም ክርክሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። አንድ አገልጋይ በሱሉልታ ተራራ ራስ ላይ ራቁቱን ሊያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አገልጋዩም ያን እሳት ሌሊቱን ሙሉ እየተመለከተ ይተርፋል። ጌታው ግን እሳት አይተሃልና ውርርዱን አላሸነፍህም ይለዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። ከዚያ ሽማግሌው የነገረው ሌላ ሰው ግብዣ ይጠራል፤ የወጡ ሽታ እንግዶቹን ያውዳቸዋል፤ ምግቡ ግን አይቀርብም። ሽታ የማያጠግብ ከሆነ የሩቅ እሳት እንዴት ያሞቃል? ጌታው ተሸንፎ ዕዳውን ይከፍላል።

የጥልቀት ሥነ ልቡና በሩቁ እሳት ውስጥ የተስፋን ጥንተ ምስል ያያል፤ አልተሳሳተም። አገልጋዩን ያተረፈው ያ ብርሃን ነው። ተረቱ ግን ከዚያ ይልቃል። የጌታው በደል ምሳሌውን እንደ ቁስ መቁጠሩ ነው። ለነፍስ የተሰጠውን ብርሃን ለሥጋ እንደ ተከፈለ ደመወዝ አስቦ ዕዳውን ሊክድ ፈለገ። ስለዚህ ተረቱ ራሱ ሐያሲ ነው ሊባል ይቻላል። ምሳሌ ሰውን እንደሚያኖር ይመሰክራል፤ ነገር ግን ምሳሌ እንጀራን እንደማይተካ ይፈርዳል። ሁለቱን ፍርዶች አንድ ላይ መያዝ ያልቻለ ንባብ ከተረቱ አንሶ ይቀራል።

ምስሎች በግመል ሲጓዙ

በሃይማኖት መስክ ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። የአክሱምን ሕዝብ ልጃገረድ ያስገብር የነበረው አርዌ የተባለው እባብ በቁልቋል መርዝ እንደ ሞተ አፈ ታሪክ ይናገራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሁሉ ይታያል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሣላሉ። በእስልምናው ዓለምም ሱፊ ወልዮች አንበሳ እየጋለቡ የሚታዩባቸው ትረካዎችና ሥዕሎች አሉ። የዩንግ ተከታይ ይህን ሁሉ አሰልፎ የጋራው ስውር ኅሊና ማስረጃ ነው ይላል።

በዚህ ላይ ግን የሸለቆው ገበያ ምስክርነት መደመጥ አለበት። ምስሎች ይጓዛሉ። ለዚህ ከሁሉ የላቀው ማስረጃ የየመን ተወላጅ የነበሩትና በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበራላምና የይዋሴፍ ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ከሕንድ የተነሣ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው፤ በእስያ ቋንቋዎችና በዐረብኛ በኩል ተሻግሮ በግዕዝ የክርስቲያን ቅዱስ ገድል ሆነ። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን ያየው ልዑል ከጋራ ስውር ኅሊና አልፈለቀም፤ በተርጓሚ ብዕር፣ በነጋዴ መርከብና በጭነት ግመል መጣ። ስለዚህ ሁለት ምስሎች ስለ ተመሳሰሉ ብቻ አንድ የነፍስ ምንጭ አላቸው ማለት አይቻልም። መጀመሪያ መንገዱ ይመርመር።

ሆኖም መንገዱ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በባቲ ገበያ ብዙ ነገር ይቀርባል፤ ሰው ግን ሁሉን አይሸምትም። ለምን ይህ ታሪክ ተወሰደ፣ ሌላው ቀረ? ለምን የወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም እየተጋቡና እየተዛመዱ አንዳንዱን ሥርዓት በጋራ ያዙ? በዚህ ላይ ጥንተ ምስል የሚለው ሐሳብ የሚረዳ ነገር አለው፤ ሰው የሚሸምተው ቀድሞ የተራበውን ነው።

የወሎን ወዳጃ ለዚህ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ጫቱ ይቀርባል፤ ጀበናው ከእሳት ላይ ይጣዳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በተራ ይወርዳሉ፤ ዱዓው ይደረጋል፤ መንዙማው ይነሣል። የጥልቀት ሥነ ልቡና ተመራማሪ በክቡ ውስጥ የምሉዕነትን ምስል፣ በጀበናው ውስጥ የመለወጫውን ዕቃ ያያል። ጥሬው ቡና ታጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ ወደ በረከት መለወጡ ያስደንቀዋል። መደነቁ ትክክል ነው። ነገር ግን ከተቀመጡት አንዷ የመጣችው ልጅዋ ስለ ታመመ ነው። ሌላው የመጣው ዝናብ ስለ ዘገየ ነው። የክቡ ምሉዕነት የተሠራው ከእነዚህ ጎደሎዎች ነው። በአብዮቱ ዓመታት እንዲህ ያለውን ሥርዓት «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ያለፈ ካድሬ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ጥንተ ምስል» ብሎ የሚያልፍ ምሁር አለ። የመጀመሪያው ናቀ፤ ሁለተኛው አደነቀ። የልጁን ሕመም አለመጠየቃቸው ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

የአንጥረኛው እሳት

ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1944 «ሥነ ልቡናና አልኬሚ» የተሰኘውን ዐቢይ መጽሐፉን አሳተመ። ጥንታውያን አልኬሚስቶች ተራ ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ሲደክሙ፣ ሳያውቁት የገዛ ነፍሳቸውን ለውጥ በቁሱ ላይ ያዩ ነበር የሚለው ሐሳብ የመጽሐፉ አስኳል ነው። ቁሱ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይነጣል፤ በመጨረሻ ይቀላል። ጥቁረቱ ሐዘንና መፍረስ፣ ንጣቱ መንጻት፣ ቅላቱ አዲስ ሕይወት ነው። የአልኬሚ ስም ራሱ ከዐረብኛ ወደ አውሮፓ የተሻገረ መሆኑን፣ ጃቢር ኢብን ሐያን የመሳሰሉ የእስላም ዓለም ሊቃውንት ለዘርፉ ያበረከቱትንም ማስታወስ ይገባል።

ኢትዮጵያ የአልኬሚ መጻሕፍትን በብዛት አልጻፈች ይሆናል። አንጥረኛ ግን አላት። ሮማኒያዊው የሃይማኖት ታሪክ ሊቅ ሚርቻ ኤሊያዴ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ አልኬሚስቱን የቀጥቃጩ ወራሽ አድርጎ አቅርቦታል፤ ሁለቱም በእሳት ኃይል የተፈጥሮን ሥራ የሚያፋጥኑ ናቸውና። የባቲ ገበያ ለዚህ ሕያው ምሳሌ ነበረው። የማርያ ቴሬዛን ምስልና የ1780ን ዓመት የያዘው፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ጠገራ ብር ከሩቅ አውሮፓ መጥቶ በገበያ ይዘዋወር ነበር። ከዚያ አንጥረኛው እጅ ገብቶ ይቀልጥና የሙሽራ ጌጥ ይሆናል። የንግሥቲቱ መልክ ጠፍቶ የሙሽራዋ አንገት ያበራል። ዋጋ የነበረው ውበት ይሆናል፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ውበት የነበረው ተመልሶ ዋጋ ይሆናል።

ይህን የመሰለ ለውጥ በእጁ የሚሠራው ሰው ግን ምን ተከፈለው? ቡዳ ተባለ። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የዋለው ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። የጥልቀት ሥነ ልቡና ጠቃሚነቱ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ስፍራ ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ወታደሩ ያለ ጦር፣ ቄሱ ያለ መስቀል መኖር አይችሉም፤ ሦስቱንም የሚሠራላቸው አንጥረኛው ወይም ቀጥቃጩ ነው። ለሚፈልጉት ሰው ያለባቸውን ዕዳ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች በውስጣቸው ያለውን የመብላት ምኞት በእርሱ ላይ ጣሉት። የበሉት እነርሱ ሲሆኑ በላ የተባለው እርሱ ነው። ዩንግ «ጥላ» ያለው ይህንን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም የሙያ ንቀት በይፋ ተወገዘ። ስድቡ ግን ከአዋጆቹ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላልና፣ ጥላን ግን አያነሣም።

በዚህም ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ቅኔ የሚዘርፈው ሊቅ ለጥበቡ መጠሪያ የመረጠው ከዚያው ከተናቀው ቤት ነው። ሰምና ወርቅ የአንጥረኛ ቃል ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን መልክ በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ባዶ ስፍራ ወርቁ ይፈሳል። የዋድላና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ክብር የሚቆመው በዚህ ምሳሌ ላይ ነው። ጥንተ ምስል ፈላጊውም የሚሠራው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ነው። ደጋው፣ ቆላው፣ በረቱ፣ የሞተችው እናት ይቀልጣሉ፤ «ነፍስ» ይቀራል። ግን አንጥረኛውን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ሌላ ነው። ወርቁ መልክ የሚያገኘው ከሰሙ ነው። በሰሙ ላይ ያልተቀረፀ መስመር በወርቁ ላይ አይወጣም። ሰሙን ሳይሠሩ ወርቅ ማፍሰስ የሚያስገኘው ቅርፅ የሌለው ጉብታ ነው። ከዓለም ተረቶች ሁሉ «ጀግና፣ ዘንዶ፣ ሽማግሌ» ብቻ አውጥቶ የሚያሳየው ንባብ ይህን ጉብታ ይመስላል፤ ክብደት አለው፣ መልክ ግን የለውም።

ጥላው

ዩንግ ራሱ ይህ አደጋ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1925 መጨረሻ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በኤልጎን ተራራ ካሉ ሰዎች ዘንድ ሰነበተ፤ ከዚያም በሱዳን በኩል የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ወደ ግብፅ ወረደ። በዚያ ያገኛቸውን ሰዎች የዘመኑ ሰዎች አድርጎ ከማየት ይልቅ የአውሮፓዊው ነፍስ የጥንት ንጣፍ አድርጎ አያቸው። ጥላን ያስተማረው ሊቅ የራሱን ጥላ በአፍሪካ ላይ ጣለ ማለት ነው። የከፋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 በጻፈው «ቮታን» በተሰኘው መጣጥፍ የታየው ነው። በጀርመን የተነሣውን የናዚ እብደት የጥንቱ የማዕበል አምላክ መንቃት አድርጎ ተረጎመው። ትርጓሜው ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን አምላክ ከነቃ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ጥንተ ምስል ወንጀለኛ ከሆነ ወንጀለኛው ሰው ነጻ ይወጣል።

ይህ ነገር ለጨፋ ሸለቆ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ አካባቢዎች በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ፤ የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍል በእሳት ወደመ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ዘለቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤቱ የአውሬ ስም ያወጣል። ሰው ከመገደሉ በፊት በተረት ቋንቋ ጅብ ይደረጋል። ይህን ሁሉ «የጥላ መነሣት» ብሎ መተው ለገዳዩ መሸሸጊያ መስጠት ነው። ጥላው እውነት ነው፤ ክብሪቱን የጫረው ግን የሰው እጅ ነው፤ እጁም ባለቤት አለው። በአንጻሩም ነገሩን የመሬትና የሥልጣን ጥያቄ ብቻ አድርጎ መዝጋት፣ ትናንት በአንድ ረግረግ ያጠጡ ሰዎች ዛሬ አንዱ ሌላውን እንዴት አውሬ አድርጎ ማየት እንደ ቻለ ሳያስረዳ ይቀራል። ሕግ ያደረገውን ሰው ይጠይቅ። ጥበብ ደግሞ ያደረገው ሰው ያየውን ምስል ትጠይቅ።

የተረት ነጋሪው ድርሻ

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ተረት ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ከተረቱ ጋር የተነገረበትን ቋንቋ፣ ስፍራና ምክንያት ይመዝግብ። በአፋን ኦሮሞ፣ በአፋርኛ፣ በአርጎብኛና በአማርኛ የሚነገረው አንድ ተረት አራት ተረት ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ቅጂ አንበሳ የሆነው በሌላው ሌላ ነገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የልዩነቱ መዝገብ ከሌለ ስለ ጋራ ነፍስ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው።

መምህሩ ደግሞ ተረትን ለክፍል ሲያዘጋጅ ጅቡንና እባቡን አውጥቶ በመጨረሻው መስመር ምክር ከመለጠፍ ይቆጠብ። ልጁ ፍርሃቱን የሚያይበት መስኮት እርሱ ነው። መስኮቱ ሲደፈን ፍርሃቱ አይጠፋም፤ ሌላ ፊት ፈልጎ ይለጠፋል። ምናልባትም የጎረቤቱን ልጅ ፊት። ካድሬውም የሕዝብን ሥርዓት በስም ከመፈረጁ በፊት ከክቡ ዳር ይቀመጥና የመጡበትን ጉዳይ ይጠይቅ። ጸሐፌ ተውኔቱና ሠዓሊው ከጥልቀት ሥነ ልቡና የሚማሩት ብዙ ነገር አለ፤ አንበሳው ከደጅ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እንደሚያገሣ ይማራሉ። ነገር ግን በመድረክ ላይ «ሰብአዊ ነፍስ» የሚባል ገጸ ባሕርይ አይቁም። ከደጋ የወረደች፣ ቋንቋው የቸገራት፣ ከባሏ በረት ሥጋ ቆርጣ የምትወስድ ሴት ትቁም።

የጥልቀት ሥነ ልቡና የወርቁን መኖር አስተምሯል፤ ውለታው አይካድም። የኅብረተሰብ ጥናትም ሰሙ ከምን ንብ እንደ ተገኘ፣ በስንት እንደ ተገዛ አሳይቷል። ሁለቱም ሳይጠይቁ ያለፉት በእሳቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ነው። ያ ሰው ጣቱ የተቃጠለ፣ ስሙ የጠፋ፣ ስድብ የጠገበ አንጥረኛ ነው። ወይም ማታ ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ የከበቧት ልጆች የማን ልጆች እንደ ሆኑ ሳትለይ ስለ አንበሳው የምትተርት አሮጊት ናት። በሸለቆው ልጆች ፊት የአንበሳውን መልክ በሰም የምትቀርፀው እርስዋ ናት። እርስዋ ሳትጠየቅ ካለፈች፣ ቀጥሎ የሚነሣው ትውልድ ወርቁን የሚያፈስበት ቅርፅ ሊያጣ ይችላል።